ደመወዝዎ ላይ ግብር እንዳይቆረጥ፦ ለአዳይቱና ለመንገዷ ሠራተኛ የተሰጠ ቅን ምክር

ክቡር አንባቢ፤ ወሩ አልቆ ደመወዝዎን ሲቆጥሩ አንዲት ሳንቲም ለግብር ያልጎደለችበት ሙሉ ብር እጅዎ ከገባ፣ ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እመክራለሁ። መጀመሪያ ፈጣሪዎን ያመስግኑ። ቀጥለው ይጠርጥሩ። በአገራችን ነጋዴ ግብር ሲመጣበት ይከራከራል፣ ቅሬታ ያስገባል፣ ይግባኝ ይላል፣ ሲብስበትም ሱቁን ዘግቶ ገጠር ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ ይሄዳል። ደመወዝተኛ ግን ይህ ሁሉ ወግ አልደረሰውም። ግብሩ የሚወሰደው ብሩን ገና ሳያየው ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል እርስዎ ሳይቆረጥብዎት ከቀሩ አንድ ምክንያት አለ ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ያላገኙት እንዲያገኙት፣ ያገኙት ደግሞ አጥብቀው እንዲይዙት የተዘጋጀ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው መካሪ አይቸግረውም፤ በየፎቁ ላይ «የሒሳብና የግብር አማካሪ» የሚል ታፔላ ተሰቅሎለታል። የእኔ ሐሳብ ያለው ከአዋሽ ሰባት ተነስቶ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔ፣ በአዳይቱና በሚሌ አድርጎ ሎግያና ሰሜራ የሚዘልቀው መንገድ ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። የአገሪቱ የውጭ ንግድ ዕቃ አብዛኛው የሚገባውና የሚወጣው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው፤ ከዚያም ብዙው በዚሁ አስፋልት ላይ ያልፋል። በገዋኔና በሚሌ መካከል ያለችው አዳይቱ ስሟ በዜና የሚነሳው በወሰን ግጭት ወይም በኮንትሮባንድ ምክንያት ነው። ስለ መምህሯ፣ ስለ ነርሷ፣ ስለ ሆቴሏ አስተናጋጅ፣ ስለ ጥበቃዋና ጥላ ሥር ሻይ ስለሚጠጣው ሾፌር ደመወዝ ዜና ሲነገር ሰምተው አያውቁም። ደመወዝተኛ ዜና አይሆንም፤ ይፈርማል፣ ይቀበላል፣ ይሄዳል።

ወደ ምክሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ግብሩ ጥቂት እንወቅ። መዝገብ ላይ ያለው ስሙ «ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብር» ነው። የገቢ ግብር አዋጁ ገቢን በሠንጠረዥ ሲከፋፍል ተቀጣሪውን ሠንጠረዥ «ሀ» ላይ አስቀምጦታል። ነጋዴው ያለው ሠንጠረዥ «ሐ» ላይ ነው። ከፊደል ገበታው መጀመሪያ ላይ መቀመጥ ክብር ከመሰለዎት፣ ሰልፉ የምን እንደሆነ ልብ ይበሉ። አሠሪው በየወሩ ከደመወዙ ላይ ግብሩን ቆርጦ ያስቀራል፤ ወሩ ካለቀ በኋላም በ30 ቀን ውስጥ ለገቢዎች ያስገባል። ሠራተኛው ቅጽ አይሞላም፣ ሰልፍ አይቆምም፣ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ አያቀርብም። ይህን ያህል ታስቦለታል። ነጋዴ የናፍጣውን፣ የኪራዩንና የሠራተኛውን ደመወዝ ቀንሶ በተረፈው ላይ ይከፍላል። የደመወዝተኛ የቤት ኪራይ፣ ቁርስና የልጅ ደብተር ግን ወጪ አይባልም፤ ግብሩ የሚሰላው በጠቅላላ ደመወዙ ላይ ነው። እርስዎ ኖሩም አልኖሩም፣ በሉም አልበሉም፣ ስሌቱ ያው ነው።

እንግዲህ ወደ ምክሬ ልግባ።

አንደኛ ምክር፦ ትንሽ ይከፈልዎት

ከሁሉ የሚቀለውና ፍጹም ሕጋዊ የሆነው መንገድ ይህ ነው። በ1994 በወጣው አዋጅ ቁጥር 286 እስከ 150 ብር የወር ደመወዝ ያለው ሰው ግብር አይነካውም ነበር። የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 ወለሉን ወደ 600 ብር ከፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ ጤፉም፣ ዘይቱም፣ ኪራዩም እየወጣ ሲሄድ 600 ብሯ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ካለችበት ንቅንቅ ሳትል ቆየች። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ ሲወተውት ከርሞ በሐምሌ 2017 የተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1395 ወለሉ 2,000 ብር ሆነ። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20፣ እስከ 10,000 ብር 25፣ እስከ 14,000 ብር 30፣ ከ14,000 ብር በላይ ላለው ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጣል።

ስለዚህ 2,000 ብርና ከዚያ በታች የሚከፍል አሠሪ ይፈልጉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይሞክሩ፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ተደርጓል፤ በዚህ ላይ 700 ብር ግብር ይቆረጣል። ማለትም መንግሥት ራሱ «ከዚህ በታች ሰው ሊኖር አይችልም» ብሎ የወሰነውን ደመወዝ እየከፈለ፣ ከዚያው ላይ 700 ብሩን መልሶ ይወስዳል። በግሉ ዘርፍ ግን ዕድልዎ ሰፊ ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ ወለሉ ግን እስካሁን አልተቀመጠም። በመንገዱ ዳር ዕቃ ማጠብ፣ ሌሊት ጥበቃ ማደር፣ አልጋ ቤት አንሶላ መቀየር የመሳሰሉ ሥራዎች ከግብር ነፃ የመሆን ክብር ሊያጎናጽፉዎት ይችላሉ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዚህ ደረጃም ቢሆን ጡረታ ይቆረጣል። ከ2,000 ብር ላይ የእርስዎ 7 በመቶ 140 ብር ሲሆን አሠሪው በራሱ 11 በመቶ 220 ብር ይጨምርበታል። ስለዚህ ወረቀትዎ ላይ ግብሩ ዜሮ ሆኖ ጡረታው ካለ ደህና ነዎት፤ ድሃ ነዎት እንጂ የጠፉ ሰው አይደሉም። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ሰባተኛውን ምክር ደጋግመው ያንብቡ።

ሁለተኛ ምክር፦ በደመወዝ ፈንታ በአበል ይኑሩ

የአፋርን ሙቀት የሚያማርሩ ሰዎች ሕግ አላነበቡም። የገቢ ግብር አዋጁ ሠንጠረዥ «ሠ» ከግብር ነፃ የሆኑ ገቢዎችን ሲዘረዝር በአስቸጋሪ የአየር ጠባይና ሁኔታ ለሚሠራ ሰው የሚከፈለውን አበል አስገብቶታል። እኛ «የበረሃ አበል» የምንለው ነው። ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪን ሲያልፍ፣ ቆርቆሮው ሲንቋቋ፣ አንሶላ ውኃ ነክረው ለብሰው ሲያድሩ «ይህ ሁሉ ከግብር ነፃ ነው» ብለው ይጽናኑ። ፀሐይ የቆረጠችውን መንግሥት ደግሞ አይቆርጥም። እዚያው ሠንጠረዥ ላይ የትራንስፖርት አበል፣ የሕክምና ወጪ፣ የውሎ አበል፣ ከሌላ አካባቢ ተቀጥሮ ለመጣ ሰው በውሉ መሠረት የሚከፈል የመምጫና የመመለሻ ጉዞ ወጪም አለ። በእርሻ፣ በማዕድንና በማምረቻ ድርጅት የሚሠራ ሰው በነፃ የሚቀርብለት ምግብና መጠጥም እንዲሁ ነፃ ነው። ከሰም ወይም ተንዳሆ ስኳር ፋብሪካ ገብተው ምሳ ከቀረበልዎት በጭልፋው ላይ ግብር የለም።

አበሉ ግን በመመሪያ የተወሰነ ጣሪያ አለው። ከጣሪያው ያለፈው ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ይቆረጥበታል። ስለዚህ «ደመወዙ 3,000፣ የበረሃ አበሉ 30,000» የሚል ፈጠራ ይዘው የሚመጡ ሒሳብ ሠራተኞችን አይስሟቸው፤ ገቢዎችም ማንበብ ይችላል።

በአበል መኖርን በትክክል ለማየት የከባድ መኪና ሾፌሩን ይመልከቱ። የወር ደመወዙ አነስተኛ ናት፤ ግብሯም እንደዚያው። ዋናው ገንዘብ በጉዞ የሚታሰብለት ውሎ አበል ነው። አዳይቱ ላይ ተሳቢውን ዳር አስይዞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ እግሩን ሰቅሎ ሲቀመጥ ሒሳቡን በአፉ ይሠራል። ቁርስ ለሁለት፣ ለራሱና ለረዳቱ። የታሸገ ውኃ፣ አንዱን ጠጥቶ አንዱን አናቱ ላይ ለማፍሰስ። ጎማ ጠግኖ ለሰጠው ጎሚስታ። ሌሊት መኪናውን ለሚጠብቅለት ልጅ። ምሳ ሚሌ ላይ። እንዲህ እያለ ድንበሩ ላይ ጋላፊ ሲደርስ ከግብር ነፃ የነበረው ብር ከብርነትም ነፃ ወጥቷል። ሕጉ ውሎ አበልን ነፃ ያደረገው ጥቅም ስላልሆነ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለ ሰው የሚያወጣውን ወጪ መተኪያ ነው። የሾፌሩ ትልቁ ኪሳራ ግን በዕድሜው መጨረሻ የሚመጣው ነው፤ ጡረታ የሚታሰበው በመደበኛ ደመወዝ እንጂ በአበል አይደለም። ሃያ ዓመት ጅቡቲ የተመላለሰ ሰው የጡረታ ደብተሩ ላይ የሚገኘው ያቺ ትንሿ ደመወዝ ብቻ ናት።

ሦስተኛ ምክር፦ ሰው ቤት ይግቡ

የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው። ምግብ ያብስሉ፣ ልጅ ያሳድጉ፣ ልብስ ይጠቡ፤ ገቢዎች ደጅዎን አያንኳኳም። አንዲት ነገር ብቻ ልንገርዎት፤ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከግብር ሲያወጣት ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም አውጥቷታል። የሥራ ሰዓቷ፣ ፈቃዷና ስንብቷ በዚያ አዋጅ አይዳኙም። ከመንግሥት ደጅ ነፃ ወጥታ ለእመቤቷ ቸርነት ተሰጥታለች። ግብር ያለመክፈል ሙሉ ደስታ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚሻ ከእሷ ይጠይቅ።

አራተኛ ምክር፦ ቶሎ ቶሎ ይባረሩ

የ1994ቱ አዋጅ መደበኛ ቅጥር የሌለውን፣ በ12 ወር ውስጥ ለአንድ አሠሪ ከአንድ ወር በላይ የማይሠራውን የቀን ሠራተኛ ከግብር ነፃ አድርጎት ነበር። አዋጁ በሌላ ተተክቷል፤ የአሠሪዎቻችን ትዝታ ግን አልተተካም። ዛሬም ሰውን 29 ቀን አሠርቶ «ወንድሜ፣ ለጊዜው ሥራ ቀዝቅዟል» ብሎ የሚያሰናብት፣ በማግሥቱም ሌላውን በዚያው አካፋ የሚያስጀምር ፎርማን አይጠፋም። ሲሚንቶ የሚያወርድ፣ ጥጥ የሚለቅም፣ ጨው የሚጭን ወዛደር በዚህ ዓይነት ዕድሜ ልኩን እየሠራ ዕድሜ ልኩን «ጊዜያዊ» ሆኖ መኖር ይችላል። ግብር አይከፍልም፣ የዓመት ፈቃድ አይወጣም፣ በሕመም ቀን አይከፈለውም። ከሁሉም ነገር ነፃ ነው፣ ከነገውም ጭምር።

አምስተኛ ምክር፦ ኤምባሲ ይቀጠሩ

የ1961ዱ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የቪየና ስምምነት ዲፕሎማትን ከተቀባዩ አገር የገቢ ግብር ነፃ ያደርገዋል። የውጭ ኤምባሲን ደግሞ «ግብር ቆርጠህ አስገባ» ብሎ ማስገደድ ይከብዳል። ስለዚህ ኤምባሲ ውስጥ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ወይም ሾፌር ደመወዙን ሳይቆረጥ ሊቀበል ይችላል። ይህን ሰምተው ሻንጣዎን ከማሰርዎ በፊት ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ አዳይቱ ላይ እስካሁን የተከፈተ ኤምባሲ የለም። ሁለተኛ፣ ነፃ የወጣው ዲፕሎማቱ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ኤምባሲው ካልቆረጠ ግብሩን አስልቶ፣ ራሱ ሄዶ የመክፈል ግዴታ ያለበት ሠራተኛው ነው። አለመቆረጥና አለመክፈል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ሰው የሚረዳው ከዓመታት በኋላ፣ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ደብዳቤ ሲደርሰው ነው።

ስድስተኛ ምክር፦ «ኔት ስንት ነው?» ይበሉ

ሥራ ሲጠይቁ ደመወዝ አይጠይቁ፤ «ተጣርቶ እጄ ላይ ስንት ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ። በአገራችን ግማሹ የቅጥር ድርድር የሚያልቀው በዚህች ጥያቄ ነው። አሠሪው «የተጣራ 10,000 ብር» ካለዎት ግብሩን እሱ ቻለው ማለት ነው፤ እርስዎም ግብር አልተቆረጠብኝም ብለው እፎይ ይላሉ።

ሕግ ግን እንዲህ ያለውን ቸርነት አይቶ አያልፍም። አሠሪው በሠራተኛው ፈንታ የከፈለው ግብር ራሱ የሠራተኛው ገቢ ነው ተብሎ ከደመወዙ ጋር ይደመራል፤ በእሱም ላይ ግብር ይሰላል። እስቲ ወረቀት ያውጡ። እጅዎ ላይ 10,000 ብር እንዲደርስ፣ ጡረታዎም ተቆርጦ፣ ጠቅላላ ደመወዝዎ ወደ 13,730 ብር መሆን አለበት። ከዚህ ላይ 2,769 ብር ያህል ለግብር፣ 961 ብር ያህል ለጡረታ ይሄዳል። አሠሪው በራሱ ድርሻ 1,510 ብር ያህል ጡረታ ሲጨምርበት «የ10,000 ብር ሠራተኛ» ከ15,200 ብር በላይ ያስወጣዋል። አሁን ጥያቄው አሠሪዎ ይህን ስሌት ያውቃል ወይ የሚል ነው። ያውቃል። ለዚህም ነው ብዙውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ምክር የሚሸጋገረው።

ሰባተኛ ምክር፦ ከፔሮል ይጥፉ

ይህ ከምክሮቼ ሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ መጥፋት ነው፤ ስምዎ የትም አይጻፍም፤ ወሩ ሲያልቅ ባለቤቱ ከመሳቢያ አውጥቶ ቆጥሮ ይሰጥዎታል፤ «ጨምርልኝ» ካሉ «አንተ እኮ እንደ ልጄ ነህ» ይባላሉ። ሁለተኛው ዘመናዊው ነው። ለገቢዎች የሚሄድ አንድ ፔሮል አለ፤ የእውነቱ ደግሞ በባለቤቱ ደብተር ላይ ነው።

የክፍያው ዕለት ቢሮው ውስጥ የሚሆነውን ላሳይዎት። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ትኩስ አየር ያዞራል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወረቀቱን በማስመሪያ ሸፍና ሠራተኛው የራሱን መስመር ብቻ እንዲያይ ታደርጋለች። መስመሩ ላይ ስም፣ ደመወዝ 2,000፣ ግብር ሰረዝ፣ ጡረታ 140፣ ተከፋይ 1,860 ይላል። «እዚህ ጋ ፈርም» ትለዋለች። ይፈርማል። ከዚያ ፖስታው ይመጣል፤ ውስጡ 8,000 ብር አለ። ለፖስታው ፊርማ የለም። ሠራተኛው ይወጣል፣ የሚቀጥለው ይገባል። ሁሉም ደስተኛ ነው።

ጥቅሙን አልክድም፤ አማካሪ እውነቱን ይናገራል። 10,000 ብሩ በሙሉ ፔሮል ላይ ቢጻፍ ኖሮ ግብሩ 1,650 ብር፣ ጡረታው 700 ብር ይሆን ነበር። በፖስታው ዘዴ የሚቆረጠው 140 ብር ብቻ ነው። በወር 2,210 ብር ኪስዎ ውስጥ ቀረ። አሠሪውም ከራሱ የጡረታ ድርሻ 880 ብር አተረፈ። ኑሮ በተወደደበት ዘመን 2,210 ብር ቀልድ አይደለም፤ ይህን የሚያደርገውን ሠራተኛ ስግብግብ የሚለው ሰው ኪራይ ከፍሎ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንከታተለው። በዚያው አስፋልት ላይ መኪና ተገልብጦ እግርዎ ቢሰበር፣ የጉዳት ክፍያዎ የሚሰላው በፔሮሉ ደመወዝ ነው፤ 2,000 ብር ነዎት። ሥራ ቢያስለቅቁዎትና ፍርድ ቤት ቢሄዱ፣ ዳኛው «ደመወዝህ ስንት ነበር?» ሲሉዎት እርስዎ «10,000» ይላሉ፤ አሠሪዎ ደግሞ እርስዎ በየወሩ የፈረሙበትን ወረቀት ያወጣል። ፖስታ ምስክር ሆኖ አይቆምም። ባንክ ብድር ቢጠይቁ የደመወዝ ማስረጃ ይባላሉ፤ ማስረጃው 2,000 ይላል። አርጅተው ጡረታ ሲወጡ አበልዎ ከዚያችው ከ2,000 ብር ላይ ተሰልቶ ይመጣል። ሙሉ በሙሉ የጠፋው ጓደኛዎ ይህም የለውም፤ የዕድሜ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ የእሱ አገልግሎት ደግሞ በባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

አሠሪውም ቢሆን እንቅልፍ የለውም። ግብር ቆርጦ የማስገባት ግዴታው የእሱ ስለሆነ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው፤ ያልቆረጠውንም ይጠየቃል፣ ቅጣቱም ይከተላል። ይህን ሁሉ ዘዴ የሚያስንቅ ሦስተኛ ዓይነት አሠሪም አለ። እሱ ግብሩን ከእርስዎ ላይ በሥርዓት ይቆርጣል፣ ወረቀቱ ላይም ያሳያል፣ ለገቢዎች ግን አያስገባም። የሰውን ግብር ቆርጦ መብላት በግብር አስተዳደር አዋጁ ወንጀል ነው፤ እስራትም አለበት። እርስዎ ግብር የከፈሉ ዜጋ ነኝ ብለው ደረትዎን ነፍተው ሲሄዱ ብሩ የአንድ ሰው አዲስ መኪና ጎማ ሆኖ በአጠገብዎ ያልፋል።

ስምንተኛ ምክር፦ ፈላስፋ ይሁኑ

ይህ የመጨረሻው ከውጭ አገር የመጣ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስትዎ ልጅ «እኔ ደብልዩ-4 ቅጽ ላይ ነፃ ነኝ ብዬ ሞልቼ ግብር አይቆረጥብኝም» ብሎ ሊያስቀናዎት ይችላል። እውነት ነው፣ ቅጹ ላይ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ ግን የተፈቀደው ባለፈው ዓመት ምንም የገቢ ግብር ዕዳ ላልነበረበትና ዘንድሮም አይኖርብኝም ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ነው። የማኅበራዊ ዋስትናው 6.2 በመቶና የሜዲኬሩ 1.45 በመቶ እንደሆነ ያኔም ይቆረጣል። ሳይገባው «ነፃ ነኝ» ያለ ሰው በሚያዝያ ሒሳቡን አቅርቦ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ሲከፍል ያየዋል። አሜሪካኖች ግብርን በየደመወዙ መቁረጥ በሰፊው የጀመሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1943 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። እንግሊዞችም በቀጣዩ ዓመት ተከተሉ። ለጦርነት የተጀመረ ነገር በሰላም ጊዜ እንደማይቀር ማንም ደመወዝተኛ ያውቃል።

እዚያው አሜሪካ ኢርዊን ሺፍ የሚባል ሰው ነበር። የገቢ ግብር በፈቃደኝነት እንጂ በግዴታ አይደለም እያለ መጽሐፍ ጻፈ፣ አስተማረ፣ ራሱም አልከፍልም አለ። ፍርድ ቤቶች ክርክሩን አልተቀበሉትም። ተፈርዶበት በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእስር ላይ እያለ ሞተ። ፍልስፍናውን ከወደዱት ይዘውት መሄድ ይችላሉ፤ አዳይቱ ላይ የሚጠብቅዎት ፖሊስ ግን መጽሐፉን አላነበበም።

አሁን ምክሬን ጨርሻለሁ፤ ስምንቱንም ደርድረው ይዩአቸው። በሕግ ግብር የማይቆረጥብዎት ወይ ደመወዝዎ ሰው የማያኖር ሲሆን፣ ወይ በረሃው ቀድሞ የበላውን ሲተኩልዎት፣ ወይ ሕግ ከጥበቃው ጭምር ሲያስወጣዎት፣ ወይ ደግሞ ራስዎ ሄደው እንዲከፍሉ ሲተዉዎት ነው። ከሕግ ውጭ የማይቆረጥብዎት ደግሞ አንድ ሰው እርስዎን ከወረቀት ላይ ስላጠፋዎት ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «ሀብታም ስለሆነ ተተወ» የሚል ምክንያት ፈልጌ ከደመወዝተኛ ሠፈር አላገኘሁም።

የሚቆረጠው ብር የት እንደሚሄድም ይወቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ከክልል መንግሥትና ከግል ድርጅት ሠራተኛ የሚሰበሰበው የሥራ ግብር የክልሉ ነው፤ በአንቀጽ 96 ደግሞ የፌዴራል መንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛው ግብር ወደ ፌዴራሉ ይሄዳል። ስለዚህ አዳይቱ ላይ ያለ ሆቴል ከአስተናጋጁ ላይ ቆርጦ ያላስገባው ብር ከሰሜራ ካዝና የጎደለ ብር ነው፤ ከጤና ጣቢያው መድኃኒትና ከመምህሩ ደመወዝ የጎደለ ማለት ነው። መንገዱን በቀንና በሌሊት የሚያርሰው ከባድ መኪና ሾፌር ግብሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ድርጅቱ በተመዘገበበት ከተማ ነው። አቧራው ለአዳይቱ ይቀርላታል። ይህን መሟገት የክልልና የፌዴራል ሰዎች ሥራ ነው፤ እርስዎ ግን የራስዎን መስመር ይጠብቁ።

ስለዚህ በዚህ ወር ደመወዝ ሲቀበሉ አራት ነገር ይጠይቁ። የቅጥር ውልዎን ቅጂ ይጠይቁ፤ ደመወዙ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ በዓይንዎ ይዩ። ፔሮሉ ላይ ማስመሪያው ሲነሳ የእርስዎ መስመር ላይ የተጻፈውና እጅዎ የገባው አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይዘው የጡረታ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና መዋጮዎ መግባት አለመግባቱን ይጠይቁ። ግብር ካልተቆረጠብዎት ደግሞ «በየትኛው ሕግ ነው ነፃ የሆንኩት?» ብለው አሠሪዎን ይጠይቁ። አበል ነው ካለ መመሪያውን ያሳይዎት፤ ደመወዝህ ትንሽ ስለሆነ ነው ካለ ጭማሪ ይጠይቁት። «ዝም በል፣ ለአንተው ብዬ ነው» ካለዎት ግን ለእርስዎ ብሎ አይደለም። ወረቀቱን ይጠይቁ፤ ፖስታውን ይመልሱ።